ሳንሰማ የዘጋነው መዝገብ



ዛሬ የምናካፍላችሁ ግማሹ ምስክርነት፣ ግማሹ ንስሐ ነው። መነሻው አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ናት። እዚህ አሜሪካ የምንኖር ሰዎች ይህችን ቃል በዜና እንሰማታለን፤ በሥራ ቦታ ሥልጠና ይሰጡናል፤ ልጆቻችንም ከትምህርት ቤት ይዘዋት ይመጣሉ። ፕሬጁዲስ ትባላለች። ትርጉሟን ብትጠይቁን ሳንዘገይ «ነጮች በጥቁር ሰው ላይ ያላቸው ጥላቻ ነው» እንላችሁ ነበር። ቃሏ ስለ እኛም እንደምትናገር የገባን አንድ ወንድማችን ቤቱን ሊያጣ ከደረሰ በኋላ ነው።

እልልታው

በሜሪላንድ ሐሙስ ማታ የምንሰበሰብ ትንሽ የቤት ኅብረት ነን። ከቀን ሥራ የሚወጣውም፣ ወደ ሌሊት ፈረቃ የሚገባውም በአንዳችን ሳሎን ይገናኛል። ቃሉን እናነባለን፣ እንጸልያለን፣ ሻይ እየጠጣን የሳምንቱን ሸክም እንካፈላለን። በአንድ የክረምት ሐሙስ ይህ ወንድማችን ፊቱ ጠቁሮ መጣ። የሁለት ወር የቤት ኪራይ አልከፈልክም ተብሎ በአከራዩ ተከሷል። «ከፍያለሁ፤ ደረሰኙም አለኝ» ይላል። ነገር ግን ልጆቹን ይዞ በዚያ ብርድ ሜዳ ላይ መውደቁ እየታየው እንቅልፍ አጥቷል። አብረነው ጾምን፤ ጸለይን።

ቀጠሮው ደረሰ። ከአከራዩ ወገን መቅረብ የነበረበት ወረቀት ሳይሟላ ቀረና ዳኛዋ ክሱን ዘጉት። ወንድማችን በዚያው ሐሙስ የፍርድ ቤቱን ወረቀት በሁለት እጁ ይዞ ገባ። ከመካከላችን እንግሊዝኛ ይሻላል የምንለው ወንድም ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ዲስሚስድ ዊዝአውት ፕሬጁዲስ።» ከዚያም ተረጎመልን። «ክሱ ውድቅ ሆኗል። ያለ ፕሬጁዲስ ይላል፤ ያለ ዘረኝነት፣ ያለ አድልዎ ማለት ነው።» ቤቱ በእልልታ ተሞላ። አንዲት እናታችን ተነሥተው «አያችሁ! ዳኛዋ ቀለሙን ሳያዩ ፈረዱለት! ጌታ በሰው አገር ሞገስ ሰጠው!» አሉ። ብዙዎቻችን አለቀስን።

በር አጠገብ ባለው ወንበር ላይ አንዲት እኅት ተቀምጣ ነበር። ከእኛ ጋር መሰብሰብ ከጀመረች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። እልልታው ረገብ ሲል «ይቅርታ፣ ቃሉ እንኳ እንደዚያ ማለት…» ብላ ጀመረች። ከእኛ አንዱ እጁን ዘርግቶ «እኅቴ፣ አሁን የምስጋና ሰዓት ነው» አላት። ዝም አለች። መዝሙር አነሣን።

ወንድማችን ቤቱ ገብቶ፣ «ጌታ ጨርሶልኛል» ብሎ፣ ለሳምንታት ጠረጴዛው ላይ ተከምረው የነበሩትን ወረቀቶች ጠራርጎ ጣለ። የመኒ ኦርደሩ ቁራጮችና ደረሰኞቹ አብረው ሄዱ። በሰባተኛው ሳምንት ስለዚያው ኪራይ ሌላ መጥሪያ መጣለት።

ቃሏ ምን ትላለች?

«ፍርድ ቤቱ ከዳኝ» እያለ ሲብሰለሰል ባለቤቱ ያቺ እኅት በእልልታው ምሽት የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር አስታወሰች። ፈልጋ ደወለችላት። ለካ እኅታችን በአንድ የጠበቆች ቢሮ ውስጥ ለዓመታት ስትሠራ የኖረች ናት። እንዲህ ያለ ወረቀት በየቀኑ በእጇ ያልፋል። «ያን ዕለት ልነግራችሁ ነበር» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሁላችንንም አስቀምጣ አስረዳችን። በፍርድ ቤት ቋንቋ ፕሬጁዲስ ማለት ጥላቻ አይደለም፤ በመብት ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው። «ዊዝአውት ፕሬጁዲስ» የተዘጋ መዝገብ የከሳሹን መብት ሳይጎዳ የተዘጋ ነው። ከሳሹ የጎደለውን አሟልቶ ያንኑ ክስ እንደገና ሊያቀርብ ይችላል። «ዊዝ ፕሬጁዲስ» የተዘጋ ከሆነ ግን አለቀ፤ ያ ክስ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ እኛ እልል ያልንበት ወረቀት ሲጨመቅ «ለጊዜው ሂድ፤ ደረሰኝህን ግን እንዳትጥል» የሚል ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለ ቃሏ የቻልነውን ያህል አነበብን። የመጣችው ከላቲን ነው፤ አስቀድሞ የሚል ቃልና ፍርድ የሚል ቃል ተጋጥመው የሠሯት ናት። በጥንቱ የሮም ሕግ ከዋናው ክርክር በፊት ተለይቶ የሚወሰን ጉዳይ፣ ለምሳሌ ይህ ሰው ነጻ ነው ወይስ ባሪያ የሚለው ጥያቄ፣ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ስትገባ ጉዳት የሚል ትርጉምም ይዛ ገባች። አስቀድሞ የተፈረደበት ሰው መጎዳቱ መቼ ይቀራል? ፍርድ ቤቶች ይህን አሮጌ ትርጉም ይዘው ቆዩ። ሕዝቡ ደግሞ ሌላውን ያዘ፦ ሰውን ሳያውቁት በቀለሙ፣ በዘሩ፣ በእምነቱ ወይም በአለባበሱ መፍረድን። ስለዚህ በአንዲት ቃል ውስጥ ሁለት ነገሮች አብረው ይኖራሉ፦ ሳይሰሙ መፍረድና ከዚያ የሚመጣው ጉዳት።

እኛ ሁለቱንም በአንድ ምሽት ፈጽመናቸው ነበር።

ለምን አልሰማናትም?

ወገኖች ሆይ፣ እዚህ ላይ መደበቅ አንፈልግም። ያን ዕለት እጅ ተዘርግቶባት ዝም ያለችው የምስጋና ሰዓት ስለነበረ ብቻ አይደለም። ያንኑ ቃል ለዓመታት የምናውቀው ወንድም፣ ያውም ከረባት ያሰረ፣ «ይቅርታ» ብሎ ቢጀምር ኖሮ መዝሙሩ ይቆም ነበር። እርሷን ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት መዝነናት ጨርሰናል። ዘግይታ ትመጣለች፤ ሳንጨርስ ትወጣለች። አለባበሷ የእኛን አይመስልም። «ባሏን ጥላ የመጣች ናት» የሚል ወሬ ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ቀድሟት ደርሷል። አባቶቻችን ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይላሉ፤ እኛ የጨመርነው ወሬ ነበር።

ብትጠይቁን «አንጠላትም» እንል ነበር፤ እውነታችንንም ነበር። ችግሩ እዚያ ላይ ነው። በአማርኛ ፕሬጁዲስን ብዙ ጊዜ ጭፍን ጥላቻ ብለን እንተረጉመዋለን። ሰው ደግሞ ጥላቻ የሚለውን ሲሰማ ልቡን ይፈትሽና ቁጣ ካላገኘ ነጻ ነኝ ብሎ ይተኛል። አድልዎ ስንለውም ዓይናችን የሚሄደው ወደ ሥራ ቅጥርና ወደ ቀበሌ ወረፋ ነው። ሳይጠሉ፣ ፈገግ እያሉ፣ ሻይ እየቀዱላት እንኳ ሰውን ሳይሰሙ መፍረድ እንደሚቻል ግን ሁለቱም ቃላት አልነገሩንም። እኛ ለእኅታችን ሻይ ቀድተንላታል። ጆሮ ነው የነፈግናት።

ልጆቻችን አንድ ነገር ያርሙናል። «ሰውየው ፕሬጁዲስ ነው» ስንል፣ «እንደዚያ አይባልም፤ ፕሬጁዲስድ በሉ» ይሉናል። እርማታቸው ልክ ነው። የመጀመሪያው የነገሩ ስም ነው፤ ሁለተኛው ነገሩ ያደረበት ሰው ነው። ለእኛ ይህች ትንሽ እርማት ተስፋ ሆናልናለች። ያደረበት ሰው ሊለቀው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1954 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁር ጎርደን ኦልፖርት በዚህ ጉዳይ ላይ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ መጽሐፍ አሳተመ። ካነሣቸው ነጥቦች አንዱ ልባችንን ነካው። ሰው ሁሉ አስቀድሞ ይገምታል፤ ያለ ግምት ቀኑን መዋል አይችልም። ግምቱ ወደ ፕሬጁዲስ የሚለወጠው አዲስ እውነት ሲመጣለት አልታረምም ሲል ነው። በእኛ አገር የፍርድ ቤት አነጋገር፣ መዝገቡ ተዘግቷል፣ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ ብሎ ሲቆልፍ ማለት ነው።

በተፈረደበት ወንበር ተቀምጠን ነበር

ይህ እኛን ሊያስደንቀን ባልተገባ ነበር። ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት በደርግ ዘመን ጴንጤ የሚለው ስም ምን ማለት እንደነበረ ያስታውሳሉ። ሰው ስለ ጌታ አንዲት ቃል ሳይናገር በዚያ ስም ብቻ ከሥራ ይባረር፣ ይታሰር፣ ከዘመድ ይገለል ነበር። «መጤ ሃይማኖት» የሚለው ቃል ክርክሩን ሁሉ ይጨርሰው ነበር። ሳይሰሙ ፈርደውብን ነበርና መድኃኒቱን ከማንም በፊት ማወቅ ነበረብን።

ከዚያም በፊት አያቶቻችን ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ብለው ይፈሩ ነበር። ማረሻውን ከእጁ ይቀበላሉ፤ በእንስራዋ ውኃ ይቀዳሉ፤ ልጃቸውን ግን አይድሩለትም፣ ማዕዱንም አይጋሩም። ጌታችን ራሱ በገዛ አገሩ «ይህ ጸራቢው አይደለምን?» ተብሎ የተናቀ የእጅ ሠራተኛ እንደነበር ስናነብ ይህን ማሰብ አለብን። ዛሬም ቡዳ ማለቱን የተውን ሰዎች የአንድን ሰው ስም ሰምተን፣ ከየትኛው አካባቢ እንደመጣ ጠይቀን፣ በልባችን መዝገቡን እንዘጋለን። በአገራችን ደም እየፈሰሰ ባለበት በዚህ ዘመን፣ አብረን የጌታን እራት የምንወስድ ሰዎች እርስ በርሳችን «እነዚህ እኮ» የምንባባልበት ጊዜ አለ። «እነዚህ እኮ» ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ያልተሰማ ሰው ፍርድ ነው።

ቃሉ ምን ይላል?

ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ስንመለስ ነገሩ በብዙ ስፍራ ተጽፎ ጠበቀን። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የካህናት አለቆችና ፈሪሳውያን በጌታ ላይ ፈርደው ሳለ ኒቆዲሞስ አንድ የሕግ ጥያቄ ያነሣል፦ ሕጋችን ሰውን ከራሱ ሳይሰማና ያደረገውን ሳያውቅ ይፈርድበታልን? መልስ አልሰጡትም። «አንተም ከገሊላ ነህን?» ብለው አፉን ዘጉት። በአንድ ጥቅስ ውስጥ ፍርዱም፣ ለእውነት የቆመውን ዝም ማሰኘቱም አለ። የእኛን ሐሙስ ማታ አየነው።

በዚያው ወንጌል በምዕራፍ 1 ናትናኤል ናዝሬት የሚለውን ሲሰማ ከዚያ ስፍራ መልካም ነገር መውጣቱን ይጠራጠራል። የሚያስገርመን የፊልጶስ መልስ ነው። ስለ ናዝሬት አይከራከረውም፤ መጥቶ እንዲያይ ብቻ ይጋብዘዋል። ናትናኤልም ይመጣል። የገመተው ሰው መዝገቡን ከፍቶ ስለመጣ ጌታን አገኘ። ፈሪሳውያኑ ስለዘጉት ቀረባቸው።

ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 5 በሽማግሌ ላይ ክስ ሲቀርብ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር እንዳይቀበል ጢሞቴዎስን ካዘዘ በኋላ፣ ይህን አስቀድሞ ሳይፈርድ እንዲጠብቅ በእግዚአብሔር፣ በክርስቶስና በመላእክት ፊት ያስጠነቅቀዋል። እዚያ ያለው የግሪክ ቃል በአዲስ ኪዳን አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ሲሆን ትርጉሙ አስቀድሞ መፍረድ ነው። የጥንቱ የላቲን መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎመው ፕሬጁዲስ በተገኘችበት በዚያው ቃል ነው። ለካስ የዜና ቃል ናት ያልናት የቤተ ክርስቲያንም ቃል ኖራለች።

ያዕቆብ በምዕራፍ 2 ሌላውን ገጽታ ያሳየናል። የወርቅ ቀለበት ላደረገው መልካም ስፍራ፣ ለድሃው ደግሞ የእግር መረገጫ። ለካ ፍርዱ መጥፎ ብቻ አይሆንም፤ ሳይሰሙ ማክበርም ሳይሰሙ መናቅን ይወልዳል። እንግሊዝኛው ይሻላል ያልነውን ወንድማችንን ሳንጠይቅ ያመንነው በዚህ መንገድ ነው። እርሱም በንስሐው ጊዜ «ሳላውቅ ተረጎምኩ፤ አላውቅም ማለት አፈርኩ» ብሎናል።

ይህ ማለት አንመርምር ማለት አይደለም። ጌታ በጽድቅ እንድንፈርድ አዝዟል፤ በጎች መሐል የሚገባ ተኩላም አለ። የሚጠበቅብን መስማትን ከፍርድ ማስቀደም ነው። ምሳሌ 18 ሳይሰማ የሚመልሰውን ሰው ስንፍናና ነውር ያገኘዋል ይለናል። እኛን ሁለቱም አግኝተውናል።

ሁለተኛው ወረቀት

ወንድማችን እንዴት ሆነ? እኅታችን ከሥራ ሰዓቷ ቀንሳ ወደ ባንክ ወሰደችው። የአንዱ ወር ክፍያ ከሒሳብ መዝገቡ ተገኘ። የመኒ ኦርደሩ ግን ቁራጩ ስለተጣለ ክፍያውን ማስፈለግ ገንዘብም ሳምንታትም ፈጀ። ገንዘቡን ከኅብረቱ አዋጣን፤ የእኛ ጥፋት ነበረበትና። በነጻ የሚያግዝ የሕግ ባለሙያ እንዲያገኝም መንገዱን አሳየችው። በመጨረሻ ሁለቱ ወገኖች ተስማሙና ጉዳዩ ተዘጋ።

ወረቀቱን ሲያሳየን ፊቱ ልክ አልነበረም። «አሁንስ ‹ዊዝ ፕሬጁዲስ› ብለው ጻፉብኝ» አለ። እኅታችን ሳቀች፤ ስትስቅ ያየናት ያን ጊዜ ነው። «ወንድሜ፣ እልልታው ለዚህኛው ነበር የሚገባው። ስለዚያ ኪራይ ከእንግዲህ ማንም ሊከስህ አይችልም» አለችው።

ያን ምሽት መዝሙር ሳናነሣ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለን ተቀመጥን። ሮሜ 8ን ገለጥን። እግዚአብሔር የመረጣቸውን የሚከሳቸው ማን ነው? የሚያጸድቅ እርሱ ነው፤ የሞተው፣ የተነሣውም ክርስቶስ ስለ እኛ ይማልዳል። የእኛ ክስ ወረቀት ስለጎደለው የተዘጋ አይደለም። ማስረጃው ሙሉ ነበር። ተሰምቶ፣ ተመዝኖ፣ ዕዳው በመስቀል ላይ ተከፍሎ ነው የተዘጋው። ከሳሻችን አሟልቶ ሊመልሰው አይችልም። በሰው አፍ የምታሳፍር ቃል በዚህ አንድ ስፍራ ጣፈጠችን። መዝገባችን ለዘለዓለም ተዘግቷል።

እንዲህ ያለ ወረቀት በኪሱ የያዘ ሰው እንዴት የሌላውን መዝገብ ሳይከፍተው ይዘጋል? እግዚአብሔር እኛን ሁሉን አውቆ ማረን። እኛ እኅታችንን ምንም ሳናውቅ ፈረድንባት።

ይቅርታ ጠየቅናት፤ በጅምላ ሳይሆን እያንዳንዳችን። ታሪኳን እዚህ አንጽፈውም፤ የእርሷ ነው። ከወሬው ውስጥ እውነት ሆኖ የተገኘው ብቻዋን መኖሯ ብቻ ነበር ብለን ጽፈን ነበር፤ ይህን ከመለጠፋችን በፊት አስነበብናት፤ እርሱንም አረመችው። ብቻዋን አትኖርም። የታመሙ እናቷን ታስታምማለች። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ለመስጠት ሳንጨርስ የምትወጣው፣ በር አጠገብ የምትቀመጠውም ለዚህ ነበር። ከሦስት ሳምንት በላይ ወንበሯን እያየን ትዕቢት ነው፣ ኀፍረት ነው ስንል፣ አንድ ሰው እንኳ «ለምን እዚህ ትቀመጫለሽ?» አላላትም።

አሁን በኅብረታችን ስለ ሌለ ሰው ወሬ ሲነሣ ሦስት ነገሮችን ለመጠየቅ ተስማምተናል። ከራሱ ሰምተነዋል? በዚህ ንግግራችን ማን ይጎዳል? ተሳስተን ብንገኝ ለመታረም ፈቃደኞች ነን? ሁልጊዜ አይሳካልንም። ባለፈው ወር እንኳ ስለ አንድ አዲስ ቤተሰብ ጀምረን በመካከል ያቋረጥነው ነገር አለ። ያቋረጡንም እነዚያው እልል ያሉት እናታችን ናቸው። «መጀመሪያ እንጥራቸው» አሉ።

እናንተስ፣ ወገኖች? በልባችሁ መደርደሪያ ላይ የማን መዝገብ ተዘግቶ ተቀምጧል? የጎረቤት? የምራት? የአንድ ብሔር? ዛሬ ለአንዱ ደውሉ፤ እንደ ናትናኤልም ሄዳችሁ እዩ።

ጌታ ሆይ፣ ሁሉን እያወቅህ ስለማርኸን እናመሰግንሃለን። ሳንሰማ ስለ ፈረድንባቸው ሰዎች ይቅር በለን። በፍርዳችን የጎዳናቸውን የምንክስበትን ጸጋ ስጠን። ከአንደበታችን ይልቅ ጆሯችንን አፍጥንልን። በር አጠገብ ወደ ተቀመጠው ሰው ዓይናችንን መልስ። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።